በ«ራሱ» ዓምድ ሥር

ሦስተኛው አልጋ ላይ የተኙት ሴትዮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያው ክፍል ቆመው የሠሩ ናቸው። የከባድ ሕሙማን ክፍል ሜትሮን፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ነበሩ። ከዋናው ሐኪም ጀምሮ እስከ ጽዳቷ ድረስ «እትዬ» የማይላቸው አልነበረም። በጠዋት ርክክብ ላይ የአንደኛውን አልጋ ሪፖርት እያዳመጡ «ቆይ፣ እስቲ ድገሚልኝ» ሊሉ ጀመሩና ቃሉ አፋቸው ላይ ተንሻፈፈ። ጭንቅላታቸው ወለሉን ሳይነካ የያዘቻቸው ቀጮ ናት። ሲመረመሩ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የመተንፈሻ ማሽኑ በደቂቃ አሥራ አራት ጊዜ ደረታቸውን ያነሳል፣ ይጥላል። እሳቸው ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ የለም።

ቀጮ ነርስ ናት። ሁለት ልጅ ወልዳ ወገቧ ከሰፋ ቆይቷል፤ ቅጽል ስሙ ግን እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀረ። እትዬን እንድትይዝ ማንም አልመደባትም፤ ራሷ ነጥቃ ወሰደቻቸው እንጂ። ተረኛ ባልሆነችበት ቀን ሳይቀር እየመጣች ታገላብጣቸዋለች፣ ፀጉራቸውን ታበጥራለች፣ የክፍሉን ወሬ ትነግራቸዋለች። ሌሎቹ ነርሶች «እናትሽን ብትሆን እንዲህ አታደርጊም» ብለው ይቀልዱባታል። እውነታቸውን ነው፤ እናቷን እንዲህ አላስታመመችም።

ቅዳሜ ዕለት ሐኪሙ ቀጮንና የእትዬን ልጅ መስኮቱ ዳር ጠራቸው። ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ሲናገር የማዳመጫውን ገመድ ሲጠቀልልና ሲፈታ ነበር።

«እስከ ዓርብ እንይ» አለ። «ከራሳቸው የሆነ አንድ ነገር፣ ትንሽም ብትሆን፣ ካየን እንቀጥላለን። ካላየን ግን እናታችሁን በማሽን ማሠቃየት ነው የሚሆነው፤ እናቆማለን።»

«እናታችሁን» ሲል ሁለቱን እህትማማች አደረጋቸው። ማንም አላረመውም።

«ከራሳቸው የሆነ» የሚለው ቃል ከሐኪሙ አፍ ይውጣ እንጂ ባለቤቱ እትዬ ናቸው። በወጣትነታቸው ኮሌጅ የተማሩት አንድ የነርሶች ንድፈ ሐሳብ ነበር። ሲጠቀለል፣ ሰው ራሱን መንከባከብ በቻለው መጠን ራሱ ይንከባከብ፣ ነርስ የጎደለውን ብቻ ትሙላ የሚል ነው። ሌላው ነርስ እንዲህ ያለውን ነገር ለፈተና ይሸመድደውና በማግስቱ ይረሳዋል። እትዬ ግን ቅጽ አድርገውት ቁጭ አሉ። ቅጹ የሳምንት ነው፤ በየአልጋው ግርጌ ይንጠለጠላል። ሦስት ዓምድ አለው፤ «ራሱ»፣ «አብረን» እና «እኛ» ይላል። ሕመምተኛው ራሱ ያደረገው በመጀመሪያው፣ ተጋግዘን ያደረግነው በሁለተኛው፣ እኛ ያደረግንለት በሦስተኛው ሥር ከነሰዓቱ ይጻፋል።

ለእንዲህ ያለ ክፍል ቅጹ ቀልድ ይመስላል። ራሱን የማያውቅ፣ ማሽን የሚተነፍስለት ሰው ራሱ ምን ሊያደርግ ነው? ቀጮም አዲስ ገቢ ሳለች ይህንኑ ጠይቃለች። በአንድ ሳምንት አምስት ሰው ሞቶባት፣ ሙያውን ልትተው የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ ይዛ የመጣች ዕለት ነበር። እትዬ ደብዳቤውን አላነበቡትም። እጇን ይዘው ከፎቅ የወደቀ ግንበኛ አጠገብ አቆሟትና «አንድ ሰዓት እይው፤ ምንም አታድርጊ» አሏት። አርባ ደቂቃ ያህል እንደቆመች፣ ከአልጋው ጠርዝ የተንሸራተተ እርጥብ ፎጣ እግሩን ነካው። የግንበኛው የእግር አውራ ጣት ሽምቅቅ አለ።

«አየሽ?» አሉ እትዬ። «ይኼ የሱ ነው። እኛ አልሰጠነውም። ይኼን አንድ ነገር ካላገኘሽለት፣ የምታገላብጪው ሰው አይደለም፣ ፍራሽ ነው።»

ቀጮ ደብዳቤዋን ቀደደች። ግንበኛው በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ ግን ሰው ሆኖ ሞተ፤ ቀጮ እንደዚያ ነው የምታስበው።

ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ሥራ ሲበዛ ነርሱ ሁሉ ቅጹ ላይ የቀኑን ቦታ በጠዋቱ ይሞላል፤ አራት ሰዓት ላይ ተገላበጠ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መድኃኒቱን ወሰደ እያለ። በዚህ የታወቀው «ነቢዩ» የሚሉት ወንድ ነርስ ነው። ነቢዩ ስሙ አይደለም፤ ስሙን እናቱ ታውቀዋለች። ረፋድ ላይ ለሞተ ሰው «ሰባት ሰዓት፦ ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ» ብሎ ጽፎ ስለተገኘ የተሰጠው ማዕረግ ነው። ያን ዕለት እትዬ ይሳቁ ይቆጡ ግራ ገብቷቸው «አንተ፣ ለመሆኑ ምን በላ?» ብቻ አሉት። «መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ ይጻፋል» የዘወትር ንግግራቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት የመኪና አደጋ ተጎጂዎች በአንዴ ገቡ። ክፍሉ ተተራመሰ። ቀጮ በዚያ መሐል የእትዬን ቅጽ ይዛ ቆመች። «እኛ» በሚለው ዓምድ የዕለቱ ቦታ ጢም አለላት፤ አገላበጥን፣ አፋቸውን አጸዳን፣ አክታ መጠጥን። «ራሱ» ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ቃል አልተጻፈበትም። በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማ አይታቸዋለች፤ በእርጥብ ፎጣ ነክታቸዋለች፤ ጆሯቸው ሥር ተጣርታለች። ምንም። ቅጹን ያወጡት ሴት በገዛ ቅጻቸው ላይ የሚጻፍላቸው አጡ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቀጮ ግራ ቀኝ አየችና፣ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ «አራት ሰዓት፦ ማሽኑን እየቀደሙ አየር ሳቡ» ብላ ጻፈች። ፈረመች። ከሐፍረቷ የተነሳ ወረቀቱን ገልብጣ ሰቀለችው።

ማሽኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች፤ ሕመምተኛው ማሽኑን ቀድሞ አየር ሲስብ ብቻ ነው የምትበራው። እትዬ ከተኙ ወዲህ በርታ አታውቅም። አራት ሰዓት ሲሆን ቀጮ ከተጎጂዎቹ በአንዱ ላይ አጎንብሳ ነበር። ቀና ስትል መብራቷ ቦግ አለች። ጠፋች። ደግሞ ቦግ አለች።

«እሰይ! እትዬ!» ብላ ጮኸች። ሐኪሙ ሮጦ መጣ፤ ጽዳቷ መወልወያዋን ጥላ አለቀሰች፤ ነቢዩ እንኳ ጓንቱን አውልቆ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ቀጮ የሳቀችው ከልቧ ነው። ከልቧ ስትስቅ ግን ዓይኗ ግድግዳው ሰዓት ላይ አረፈና ሳቋ ተቆረጠ። አራት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ይላል። መብራቷ የበራችው ከሦስት ደቂቃ በፊት፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። አጋጣሚ ነው ብላ ራሷን አረጋጋች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚሉት ያኔ አልታወሳትም።

ማክሰኞ ዕለት አጋጣሚ መሆኑን ለማረጋገጥ ብላ፣ ለራሷ ያለችው እንደዚያ ነው፣ «ስድስት ሰዓት፦ ቀኝ እጃቸውን ጨበጡ» ብላ በጠዋቱ ጻፈች።

የእትዬ ልጅ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። በምሳ እረፍቷ አውቶቡሱን ተርሚናል አቁማ፣ ሰማያዊ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ትመጣለች። ያን ዕለትም አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የእናቷን ቀኝ እጅ ይዛ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን የእትዬ ጣቶች ተጠቀለሉ።

«ያዘችኝ! ነይ እዪ፣ ያዘችኝ!»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ሾፌሯ በስልኳ ለአክስቷ ደወለች፤ እንደገና አለቀሰች። ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ግን ብድግ አለችና «እማ፣ በቃ ልቀቂኝ እንጂ፤ ተሳፋሪ ይሰድበኛል» ብላ ቀለደች። እጁ አለቀቃትም። ሳብ አደረገች። አለቀቃትም። የጣቶቿ ጫፍ መጠቆር ጀመረ።

«እንዴ፣ አመመኝ» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ተለውጧል።

ቀጮ የእትዬን ጣቶች አንድ በአንድ ልትፈለቅቅ ሞከረች። ብረት ሆነዋል። ከዚያ በላይ ያስፈራት ግን ፊታቸው ነው። ፊታቸው እጃቸው ስለሚሠራው ሥራ የሰማ አይመስልም። ጭብጡ ውስጥ ፍቅርም ጭንቀትም የለም፤ በር ላይ የተቆለፈ ቁልፍ ነው። በድንገት ገባት። ጨበጡ ብላ ጽፋለች፤ ለቀቁ ብላ ግን አልጻፈችም። ሮጣ ቅጹን አነሳችና «ስድስት ሰዓት ከሃያ፦ ለቀቁ» ብላ ጻፈች። ቀለሙ ሳይደርቅ እጁ ተዘረጋ።

ሾፌሯ ጣቶቿን እያሻሸች ቀጮን አየቻት። «ምንድን ነው የጻፍሽው?»

«ሪፖርት ነው» አለች ቀጮ ቅጹን መልሳ እየሰቀለች።

ረቡዕ ዕለት መተው ነበረባት። ታውቃለች። ግን ዓርብ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ሐኪሙም እጃቸው ጨብጧል ሲባል «የመጨበጥ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የአከርካሪ ምላሽ ነው፤ ሌላ ነገር እንይ» ብሏል። ሌላ ነገር ከየት ይምጣ? ቀጮ ለእትዬ ስትል፣ ደግሞም እትዬን ላለማጣት ስትል፣ «ሦስት ሰዓት፦ ዓይናቸውን ገለጡ» ብላ ጻፈች። ሐኪሙ ከነተከታዮቹ ሲዞር ልክ አልጋው ሥር ሲደርስ እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እትዬ!» አለ ሐኪሙ፤ እሱም በተማሪነቱ በእጃቸው ያለፈ ነውና ዓይኑ ረጠበ። «ገና ብዙ ያስተምሩናል!»

ዙረቱ አለፈ። ዓይኖቹ እንደተገለጡ ቀሩ። ጣሪያውን አያዩም፣ ሰው አያዩም። ከፋሻ የበነነች የጥጥ ክር ተንሳፍፋ መጥታ የግራ ዓይናቸው ላይ አረፈች፤ ሽፋሽፍታቸው ንቅንቅ አላለም። ቀጮ ክሯን በጨው ውኃ አጥባ አወጣችና ቅጹ ላይ «ዓይናቸውን ይከድናሉ፣ ይገልጣሉ» ብላ ጨመረች። ከዚያ ይከድኑ፣ ይገልጡ ጀመር፤ እኩል፣ እኩል፣ ሳያፋጥኑ ሳያዘገዩ።

«እንደ አውቶቡሴ ፍሬቻ» አለች ሾፌሯ በምሳ ሰዓት መጥታ ስታያቸው። አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ ጽዳቷ ቀጮን ኮሪደር ላይ ያዘቻት። አፏን የማትቆጥብ፣ ሬሳ የማትፈራ ሴት ናት። «ስሚኝ የኔ እመቤት» አለች። «እኔ ሦስተኛው አልጋ ሥር አልወለውልም። ከፈለጉ ያባሩኝ።»

«ምነው? እትዬ እኮ ናቸው።»

«እትዬ ከሆኑማ እግራቸውን እስማለሁ። ዓይናቸው ሲገለጥ ግን፣ ምን ልበልሽ፣ ያየኝ እሳቸው አይመስለኝም። አንቺ ያየሽኝ ነው የሚመስለኝ።»

ቀጮ ክው አለች።

ሐሙስ ቀን ሾፌሯን ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ወስዳ በሩን ዘጋችና ሁሉንም ነገረቻት፤ የሰኞውን፣ የእጁን፣ የዓይኑን። ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ጥፊም ቢሆን።

ሾፌሯ የደንብ ልብሷን ቁልፍ ፈታ መልሳ ቆለፈች። ከዚያ «ታዲያ ምን አለበት?» አለች። «ጻፊ! የምትጽፊው ከሆነልን ጻፊ! አንዴ ትጥራኝ። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን። የወደቀች ዕለት እኔ ስልኬን አላነሳሁም፤ እየነዳሁ ነበር። አንዴ ትጥራኝ በናትሽ።»

«አፋቸው ውስጥ ቱቦ አለ፤ ድምፅ አይወጣም።»

«ከንፈሯን አያለሁ። ይበቃኛል።»

ቀጮ እንቢ ማለት ነበረባት፤ ግን ራሱ ከአንጀቱ የሚፈልገውን ነገር ሲለምኑት ማን እንቢ ይላል? «ስምንት ሰዓት፦ ልጃቸውን "ልጄ" ብለው ጠሩ» ብላ ጻፈች። እትዬ ሥራ ላይ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ «ልጄ እንዲህ አለች፣ ልጄ እንዲህ አደረገች» ነበር የሚሉት፤ ቀጮ ሌላ አጠራር አታውቅም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን በቱቦው ዙሪያ የእትዬ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ዝርግ ብሎ ተከፈተ፤ ምላሳቸው ጥርሳቸውን ነካ። ል፣ ጄ። ቆየና ደግሞ፣ ል፣ ጄ። ሾፌሯ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ታያቸው ነበር። ቀስ በቀስ ቀና አለች። ወደ ኋላ ሸሸች።

«እናቴ ልጄ ብላኝ አታውቅም» አለች።

«ምን?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ ጉዴ ነው የምትለኝ። በቁጣም ጉዴ፣ በፍቅርም ጉዴ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ዕለት ሰፈሩን ሁሉ ሰብስባ ጉዴን እዩልኝ ብላለች። ልጄ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።» አልጋው ላይ ያለውን ፊት አየች። «እሷ እዚህ የለችም ቀጮ። አንቺ ነሽ ያለሽው።»

አልጋው ላይ ከንፈሩ ሥራውን ቀጥሏል። ል፣ ጄ። ል፣ ጄ። ቀጮ «ዝም አሉ» ብላ እስክትጽፍ ድረስ አላቆመም።

ቀጮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ውስጥ ገባች፤ ሆነ ብላ የሾፌሯን አውቶቡስ ጠብቃ። ከሾፌሯ ወንበር በስተኋላ ተቀመጠች። ከፊቷ «ሾፌር ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ሦስት ፌርማታ አለፉ። ተሳፋሪው ስለ ሙቀትና ስለ ውኃ መጥፋት ያወራል፤ የሰው ወሬ እንዲህ ደስ እንደሚል ቀጮ አታውቅም ነበር።

«ነገ ባዶ ተይው» አለች ሾፌሯ መንገዱን እያየች።

«ባዶ ከሆነ ማሽኑን ያቆማሉ።»

«አውቃለሁ። አንድ ሰው እናቴን እንደ ጓንት ለብሷት ከሚኖር ይሻላል።» ከዚያ ለአፍታ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። «አንቺን ለመስደብ አይደለም። እኔም ጻፊ ብያለሁ።»

ቀጮ አለቀሰች፤ የመጨረሻው ፌርማታ እስኪደርስ አለቀሰች። እትዬን ያጣቻቸው የወደቁ ዕለት ሳይሆን ያን ዕለት መሰላት። ሲወድቁ ቢያንስ ይዛቸዋለች።

ዓርብ ጠዋት የ«ራሱ»ን ዓምድ ባዶ ተወችው። ብዕሯን ኪሷ ውስጥ ከታ ቆማ ጠበቀች። ሐኪሙ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ፤ ሾፌሯም ፈቃድ ወስዳ መጥታለች። ሐኪሙ የሳምንቱን ቅጽ ከላይ እስከ ታች አነበበና ፊቱ በራ።

«የዛሬው ባዶ ቢሆንም የሳምንቱ ድንቅ ነው። ትንፋሽ፣ እጅ፣ ዓይን! ዛሬ ማሽኑን ነጥለን ራሳቸው ይችሉ እንደሆነ እንሞክራለን።»

ቀጮና ሾፌሯ ተያዩ። ይህን አላሰቡትም። ዓምዱ ባዶ ከሆነ ማሽኑ ይቆማል፣ ያበቃል ብለው ነበር የመጡት። ሐኪሙ ቱቦውን ከማሽኑ አላቀቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የእትዬ ደረት ተነሳ። ወረደ። ተነሳ።

«አላልኳችሁም!» አለ ሐኪሙ። ሰዓቱን አውጥቶ ቆጠረ። «አሥራ አራት!» ሁለተኛውን ደቂቃ ቆጠረ። አሥራ አራት። ሦስተኛውን። አሥራ አራት። ማሽኑ ጠፍቷል፤ ምቱ ግን የማሽኑ ነው። በሁለት ትንፋሽ መሐል ያለው ክፍተት በመቀስ የተቆረጠ ያህል እኩል ነው።

«ወደ ማገገሚያ እናዛውራቸዋለን» አለ ሐኪሙ ደስታው ፊቱን ሞልቶት። «እንዲህ ሆነው ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ።»

ዓመታት። ቀጮ ሰኞ ጠዋት የጻፈቻት አንዲት መስመር ዓመታት ስትተነፍስ ታያት። ማገገሚያው ውስጥ ቆዳቸው እየቀላ፣ ጥፍራቸው እየተቆረጠ፣ ሰው እየጠየቃቸው፣ እሳቸው የሌሉበት። ሾፌሯ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ መልኳ ጠፍቷል።

በሙያው የተጻፈ ነገር አይፋቅም። የተሳሳተ መስመር ሲገኝ፣ ጽሑፉ እንዲነበብ ሆኖ፣ አንድ ሰረዝ ብቻ ይሰመርበታል፤ ጎኑ ላይ «ስህተት» ተብሎ ስምና ሰዓት ይጻፋል። ቀጮ ቅጹን ከሐኪሙ እጅ ወሰደችና ብዕሯን አወጣች። ከታች ጀመረች። «"ልጄ" ብለው ጠሩ» የሚለውን ሰረዘች፤ ስህተት ብላ ፈረመች። የእትዬ መንጋጋ ላላ። የዓይኑን ሰረዘች። ዓይናቸው ሲገለጥ ሲከደን የነበረው መሐል ላይ ቆመና በዝግታ ተከደነ።

«አንቺ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ስህተት እያረምኩ ነው ዶክተር። ይኼ ዓምድ በሙሉ ያላየሁት ነው። ቀድሜ የጻፍኩት ነው።»

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!»

«እርስዎ ያዩት የኔን ጽሑፍ ነው።»

«ይኼ ከሥራ የሚያስባርር ነገር መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

የእጁን መስመር ሰረዘች። ጣቶቹ እንደተወጠሩ አንሶላው ላይ ተዘርግቶ የቀረው የእትዬ ቀኝ እጅ ላላ። ሐኪሙ ይህን አየ። የአልጋውን ብረት ይዞ ቀረ። ነቢዩ ከበሩ ላይ ሆኖ ያያል፤ የገዛ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ።

የሰኞዋ መስመር ቀረች። ቀጮ የብዕሩን ጫፍ ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ቆመች። ከፊቷ የእትዬ ደረት ይነሳል፣ ይወርዳል። ሞቃት ናቸው። ፀጉራቸውን ያበጠረችው ዛሬ ጠዋት ነው።

«እሱንም» አለች ሾፌሯ። መጥታ አጠገቧ ቆማለች።

«ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። እሷ ታውቃለች።»

ቀጮ ሰረዘች። ስህተት ብላ ጻፈች። ስሟን፣ ሰዓቱን።

ደረቱ ወረደና እዚያው ቀረ። ሐኪሙ እጁን ወደ ማሽኑ ዘረጋ። ሾፌሯ ክንዱን ያዘችው። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል። ቀጮ ብዕሩን ከድና በጡጫዋ ያዘችው፤ ዓይኗን ከእትዬ አላነሳችም። ሃያ ቆጠረች። ሠላሳ።

ከዚያ አንድ ትንፋሽ መጣ። ጠማማ ነው። ዘግይቶ፣ ተንፈራፍሮ፣ ጉሮሮ ውስጥ ተንኮራኩሮ የመጣ፣ ዕቃ ተሸክመው ደረጃ የወጡ አሮጊት ትንፋሽ። ማንም አልጻፈውም። ቀጮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሾፌሯ የእናቷን እጅ አነሳች፤ እጁ አልጨበጣትም፤ ለስላሳ ነው።

ሁለተኛው ቶሎ መጣ። ሦስተኛው ቆየ። አራተኛው ጥልቅ ነበር፤ ትከሻቸውን አነሳው። አምስተኛው ብዙም አልተሰማም። ስድስተኛው ከአምስተኛው ጋር ሊገጣጠም ምንም አልቀረውም። ከስድስተኛው በኋላ የነበረው ዝምታ ረዘመ፤ ሐኪሙ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደ። ሰባተኛው ቀስ ብሎ ገባ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

ስምንተኛውን ጠበቁ። ቀጮ አልቸኮለችም። የግድግዳው ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪ አሥር ጊዜ ሲዞር አየች፤ ሐኪሙ ሲያዳምጥ፣ ቀና ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ አየች። ሾፌሯ ግንባሯን የእናቷ ክንድ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ሰማች። ከዚያ በኋላ ነው ብዕሩን የከፈተችው። «ራሱ» በሚለው ዓምድ፣ ከተሰረዙት መስመሮች ሥር፣ «አምስት ሰዓት ከአሥር፦ ሰባት ጊዜ ተነፈሱ። ከዚያ ተዉት» ብላ ጻፈች።